ጅላል በሀርጌሳ፦ የበጋ ሽርሽር ከከተማዋ ወጣ ብሎ

በታኅሣሥ ማለዳ ሀርጌሳ ውስጥ ሹራብ ያስፈልጋል። ይህን አገሩን ላላየ የአዲስ አበባ ሰው ቢነግሩት አያምንም፤ የሶማሌ ምድር ሲባል በሐሳቡ የሚመጣበት ሐሩር ብቻ ነውና። የሶማሌላንዷ ከተማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። በታኅሣሥና በጥር የቀኑ ሙቀት ከ25 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ ሌሊቱን ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል። ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ ሽርጥ የታጠቁ ወንዶች ጃኬት ደርበው፣ ሄል የገባበትን የወተት ሻይ በሁለት እጅ ይዘው ይታያሉ። ሰማዩ አንድም ደመና የለበትም። መንገዱ ደረቅ ነው፤ ጎርፍ የሚሞላቸው ሸለቆዎች አሸዋ ብቻ ሆነው ተዘርግተዋል። ከከተማ ወጥቶ ኮረብታ ለመውጣት፣ ዋሻ ለማየት፣ ወፍ ለመቁጠር የሚመች ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

ሶማሌ ዓመቱን አራት ቦታ ይከፍለዋል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ዋናው ዝናብ ጉ ነው። ከዚያ ሐጋ ይከተላል፤ ነፋሱና አቧራው የሚበረታበት፣ የባሕር ዳርቻው የሚቃጠልበት። በጥቅምትና በኅዳር ትንሹ ዝናብ ዴር ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ ጅላል ነው፤ ቀዝቃዛውና ደረቁ ወቅት። ከእኛ በጋ ጋር ከሞላ ጎደል ይገጣጠማል፤ ስሜን ተራሮች ላይ ውርጭ ሲወርድና የእግር ተጓዦች ከደባርቅ ሲነሱ፣ እዚያ ደግሞ የሀርጌሳ ሰው ዓርብን ጠብቆ ቤተሰቡን መኪና ላይ ይጭናል።

ይሁንና ጅላልን ለመዝናኛ ብቻ የመጣ ወቅት አድርጎ የሚያስተዋውቅ ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስታል። ለመንገደኛ የተመቸው ይኸው ወቅት ለአርብቶ አደሩ የዓመቱ ፈተና ነው። ሣሩ ያልቃል፤ ጉድጓዱ ይጎድላል፤ የግመሉ ወተት ይቀንሳል። ቀድሞ ከብቱ በዝናቡ ወራት ከሶማሌላንድና ከኢትዮጵያ ድንበር ወዲህና ወዲያ በተዘረጋው ሰፊው የሀውድ ሜዳ ይሰማራና በጅላል ወደ ቋሚ ጉድጓዶች ይመለስ ነበር፤ ሀውድ የዝናብ ሣር እንጂ የራሱ ውኃ የለውምና። በኋላ ዝናቡን የሚያጠራቅም በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ፣ ቢርካ የሚሉት፣ በየቦታው ሲቆፈር ብዙ ሰው እዚያው መክረም ጀመረ። ዛሬ ጅላል ሲጠና ቢርካው ይደርቅና ውኃ በቦቴ ይመጣል፤ ዋጋውም የፍየሉን ዋጋ ይበላል። ከዚህ የሚያመልጠው የባሕር ዳርቻው ቆላ ነው። ጉባን በተባለው በዚህ ሜዳ ላይ ሐይስ የሚሉት ስስ ዝናብ የሚጥለው በዚሁ በቀዝቃዛው ወቅት ስለሆነ፣ ከደጋው ግርጌ ያሉ እረኞች መንጋቸውን ይዘው ወደዚያ ይወርዳሉ።

ጅላል ምን እንደሚያደርግ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘ አንድ ምስክር አለ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. ጥር 1855 ሐረር ገብቶ ከአሚሩ ጋር ከተገናኘ በኋላ የተመለሰው በዘይላ መንገድ አልነበረም፤ በቀጥታ ወደ በርበራ አቋረጠ። ወቅቱ ልኩን የያዘ ጅላል ነበር። እርሱና ጓደኞቹ ረጅም ሰዓት ውኃ ሳያገኙ ሲጓዙ ከቆዩ በኋላ አንዲት ቆቅ መሰል የበረሃ ወፍ ከፊታቸው ስትበር አይተው ተከተሏት፤ ወፏ ውኃ ላይ አደረሰቻቸው። ይህች ወፍ እህል በል ስለሆነች በየዕለቱ ውኃ መጠጣት አለባት፤ በረሃ የሚያውቅ ሰው በረራዋን የሚከታተለው ለዚህ ነው። ዛሬም በማለዳ ሸለቆ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በመንጋ ስትመጣ ሊያያት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ፓርኩ የት ነው? ስሜን እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ታውጇል፤ ጽሕፈት ቤት አለው፣ ስካውት አለው፣ የካምፕ ቦታዎቹ ስም አላቸው። ሶማሌላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ በር ተከፍቶለት፣ ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት የተደራጀ ፓርክ የሚፈልግ ሰው ያዝናል። እዚያ ያለው ሌላ ነው፤ አርብቶ አደሩ የሚኖርበት፣ መንግሥት በወጉ ያልከለለው፣ ነገር ግን ብዙ አገር በፓርክ ስም አጥሮ ከሚያስጎበኘው የማያንስ ተራራ፣ ዋሻና ሜዳ። የእኔ አስተያየት ይህ ጉድለቱም ውበቱም ነው። ጉድለት የሚያሰኘው እንጨቱን የሚቆርጠውን ከሰል ከሳይ የሚከለክል ስለሌለ ነው። ውበት የሚሆነው ደግሞ ጎብኚው ከግመል መንጋና ከባለቤቱ ጋር አንድ መንገድ ስለሚጋራ ነው።

ጊዜ ለሌለው ሰው ከተማዋን የሚያዋስኑት መንትያ ኮረብቶች፣ ናሳ ሀብሎድ፣ ይበቃሉ። ከሀርጌሳ የትኛውም ጣሪያ ላይ ሆነው ይታያሉ፤ የከተማዋም ምልክት ሆነዋል። ረፋዱ ሳይበረታ ወጥቶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። የሚረግጡት ልቅ ድንጋይ ስለሆነ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል፤ በተረፈ ብዙ የሚባልለት ነገር የለውም።

ዋናው ላስ ጌል ነው። ከሀርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው አስፋልት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማማተር ሳያስፈልግ ሹፌሩ የሚያውቀው መገንጠያ ላይ ይደረሳል፤ ከዚያ በግራር መካከል በጥርጊያ መንገድ ይገባል። ሁለት ደረቅ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የቆመ የድንጋይ ኮረብታ ነው። ከታች ሲያዩት እንደ ማንኛውም ኮረብታ ነው። ሽኮኮ ድንጋይ ለድንጋይ ይሯሯጣል፤ እንሹ የምትባለው የጥንቸል ታላቅ የምታህል ሚዳቋ ከቁጥቋጦ ሥር ቆማ ታይና እልም ትላለች። ጠባቂው ከፊት ይመራል፤ ደረጃውን ጥቂት ወጣ ይባልና የመጀመሪያው የድንጋይ ጥላ ሥር ይደረሳል። እዚያ ሰው ድምፁን ይቀንሳል።

ጣሪያውና ግድግዳው በከብት ተሞልቷል። በትልቁ መጠለያ ብቻ ከ300 በላይ የሰውና የእንስሳ ምስል አለ። ቀዩ ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ ነጩ፣ ብርቱካናማውና ወይን ጠጁ አብረውት አሉ። ቀረብ ብሎ አንዷን ላም መመልከት ይጠቅማል። ጭንቅላቷ ትንሽ ነው፤ ቀንዶቿ እንደ በገና ክንፍ ወደ ላይ ወጥተው ይለጠጣሉ። አንገቷ ግን ከሰውነቷ ጋር በማይመጣጠን ሁኔታ ሰፊ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በቀይና በነጭ መስመር ተሸልሟል፤ ልብስ ወይም የበዓል ጌጥ የተንጠለጠለበት ያስመስለዋል። ጡቷ ያበጠ ነው። ከአንገቷ ሥር ሁለት እጁን የዘረጋ ሰው ቆሟል፤ ከላሟ አንጻር በጣም ትንሽ ነው፤ አጠገቡ አንዳንዴ ውሻ አለ። ሠዓሊው ማንን ማክበር እንደፈለገ ለመገመት የሥነ ጥበብ ትምህርት አይጠይቅም። ሰውየው የሚያድን አይደለም፤ መሣሪያም ቢይዝ ላሟ ላይ አላነጣጠረም። እንደኔ እጁን የዘረጋው ለምስጋና ነው፤ ሌላ ትርጉም የሚሰጡ ሊኖሩ ይችላሉ።

የአካባቢው ሰው ቦታውን ከጥንት ያውቀዋል፤ ጂን አለበት ብለው የሚሸሹትም ነበሩ፤ ምናልባት ሥዕሎቹን ያተረፋቸው ይኸው ፍርሃት ነው። የተቀረው ዓለም የሰማው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ በዛቪዬ ጉተርዝ የሚመራ የፈረንሣይ የአርኪዮሎጂ ቡድን ከደረሰበት በኋላ ነው። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛውና በ3ኛው ሺሕ ዓመት መካከል ይገመታል። ያን ጊዜ ይህ አገር ዛሬ ከምናየው ይልቅ ዝናብ ያገኝ ነበር። ሥዕሉ ውስጥ ሻኛ የሌላቸው ከብቶች ሞልተዋል፤ ቀጭኔም አለ። በዛሬው ላስ ጌል ዙሪያ የሚሰማራው ፍየልና ግመል ነው። ስሙ ራሱ የግመል ማጠጫ ጉድጓድ ማለት ሆኖ ሳለ፣ በእነዚያ ድንጋዮች ላይ የከብቱ ነገሥታት ላሞቹ ናቸው፤ ግመል ለዚህ ምድር በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። በጅላል ፀሐይ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጦ ደረቁን ወንዝ ቁልቁል እያዩ ይህን ማሰብ፣ ስለ አየር ንብረት ከሚነበብ ብዙ ጽሑፍ ይልቅ ያስተምራል።

የላስ ጌል ዘመዶች እኛም ጋ አሉ። ከድሬዳዋ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የለገ ኦዳ ዋሻ ከብትና ሰው ተሥሎበታል። ዲላ አካባቢ ያለው የጫቤ ገደል ላይ ደግሞ ላሞች በሥዕል ሳይሆን ከድንጋዩ ተፈልፍለው በሰልፍ ቆመዋል። የጥንቱ ከብት አርቢ ከቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ላሙን በተቀራራቢ መንገድ ይሥል ስለነበር ተመራማሪዎች ለአሣሣሉ የኢትዮጵያና የዓረቢያ ስልት የሚል ስም አውጥተውለታል። ከላስ ጌል ሌላ ሶማሌላንድ ውስጥ ዳምባሊን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የሶማሌዋ አርኪዮሎጂስት ሳዳ ሚሬ ያስተዋወቀችው፣ በጎች የተሣሉበት። ላስ ጌል እንዲህ ያለ ሀብት ሆኖ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ አልገባም፤ አገሪቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ በሰፊው ስላልታወቀች ራሷ ማስመዝገብ አትችልም። ዝናብ በድንጋዩ ላይ ሲወርድ፣ ቀለሙ ሲላጥ፣ ጠባቂው በዓይኑ ከማየት ሌላ ብዙ የሚያደርገው የለም። ስለዚህ ጎብኚው ሥዕሉን በእጁ አይነካም፤ ቀለሙ እንዲጎላ ብሎ ውኃ አይረጭም። ይህን የሚያደርግ ሰው በየአገሩ ስለማይጠፋ ነው መናገር ያስፈለገው።

ከከተማዋ በስተ ሰሜን ጌድ ዴብሌ አለ። የሀርጌሳ ሰው ቦታውን የሚያውቀው በውኃው ነው፤ የከተማዋ የቧንቧ ውኃ ከዚያ ይሳባል። አሁን ግን በአቦሸማኔ እየታወቀ መጥቷል። ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልና ከሶማሌላንድ ሜዳዎች የአቦሸማኔ ግልገሎች ይሰረቃሉ፤ በበርበራና በዘይላ መካከል ካለው ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ከዚያም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሀብታም ልጆች መጫወቻ ይሸጣሉ። አንዳንዴ ነገሩ የሚጀምረው በበቀል ነው፤ እናቲቱ ፍየል ስትበላ እረኛው ግልገሎቿን ይወስዳል፤ ደላላ ደግሞ ከመንገድ ይጠብቀዋል። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለውና እ.ኤ.አ. በ1990 ላውሪ ማርከር ናሚቢያ ውስጥ የመሠረተችው ድርጅት በዚህ መንገድ በየዓመቱ 300 ገደማ ግልገሎች እንደሚወጡ ይገምታል። በመላው ዓለም በዱር የቀረው አቦሸማኔ 7,000 ገደማ ነው ሲባል ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባል።

ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተነጠቁት ግልገሎች መጀመሪያ በሀርጌሳ ከተማ በተከራዩ ግቢዎች ውስጥ ይጠበቁ ነበር። ቁጥራቸው ሲበዛና ሲያድጉ፣ ድርጅቱ ከሶማሌላንድ መንግሥት ጋር ሆኖ ጌድ ዴብሌ ላይ ሰፊ ማዕከል ሠራላቸው፤ በደርዘን የሚቆጠሩ አቦሸማኔዎች ወደዚያ ተዛወሩ። ወደ ዱር ለምን አይለቀቁም የሚል ጥያቄ ከእያንዳንዱ ጎብኚ ይነሳል። የአቦሸማኔ ልጅ ከእናቱ ጋር ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል፤ አድብቶ መቅረብን፣ ማሳደድን፣ ጉሮሮ ይዞ መጣልን የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው። ጡት ሳይጥል ካርቶን ውስጥ የተጣለ ግልገል ይህን የሚያስተምረው የለም። ቢለቀቅ በረሃብ ይሞታል ወይም ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ስለዚህ ዕድሜውን በአጥር ውስጥ ይጨርሳል። የማዳኛ ማዕከል እንጂ መካነ አራዊት ስላልሆነ እንዳሻው ዘው ብሎ የሚገባበት ሰው የለም፤ ቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል። የተሳካለት ሰው ግን የሚገርመው ድምፁ ነው። ነብር የሚጠብቅ ጆሮ የሚሰማው እንደ ወፍ ጭው ጭው የሚል ጥሪ ነው፤ ሲመቸው ደግሞ እንደ ድመት ያንጎራጉራል፤ ማግሳት አይችልም። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ይህን ለማየት ሀርጌሳ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሆለታ አቅራቢያ ያለው የእንስሳ ኮቴ ማዕከልም ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተረፉ አንበሶችና አቦሸማኔዎችን ይዟል።

ስለ አውሬ ከተነሳ፣ ይህ አገር ስለ ጠፉትም ያስታውሳል። በሀርጌሳ መካከል የሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ማሮዲ ጄሕ በዝሆን ስም ይጠራል፤ ዝሆን ግን የለም። የዚያ አካባቢ ዝሆኖች ዘመድ ዛሬ የሚገኘው ከሐረር በስተ ደቡብ፣ በባቢሌ መጠለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን በሀውድ ሜዳ ላይ በብዙ ሺሕ ሲግጡ ያያቸው ቆርኬዎችም ከከብት ደስታ በሽታና ከጠመንጃ አልተረፉም። ስሙን ይዘው የቀሩት ቆርኬዎች የእኛዎቹ ናቸው፤ በሰንቀሌና በማዜ ያሉት። ወደ ሰንቀሌ ሽርሽር የሄደ ሰው ያየው የሶማሌ ሜዳ ስደተኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጅጅጋ ለሚመጣ ወፍ ተመልካች ደግሞ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ከማለፊያ ኬላ በላይ ነው። በሜዳው ላይ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት የመሬት ወፍ ነበረች። የእንግሊዝ አስተዳዳሪ የነበረው ጂኦፍሬ አርቸር ናሙናዋን ከዚያ ሰብስቧል፤ እ.ኤ.አ. ከ1922 በኋላ ግን ሜዳው ታርሶና ተግጦ በዚያ አልታየችም። ብዙ ሰው ጠፋች ብሎ ነበር። በኋላ ጅጅጋ አካባቢ ተመሳሳይ ወፍ ተገኘች፤ የዘር ምርመራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም፣ ከነጌሌ ቦረና ወጣ ባለው የሊበን ሜዳ ከምትኖረው ብርቅ ወፍ ጋር አንድ ዝርያ መሆኗ ተረጋገጠ። በሁለት አገር የሚፈለግ፣ በሁለቱም ሊጠፋ የደረሰ አንድ ፍጥረት። ኬላው ላይ ፓስፖርቱ እስኪመታ የሚጠብቅ መንገደኛ አቅራቢ መነጽር ካለው ወደ ሣሩ ቢያማትር አይከስርም።

ከላስ ጌል ወደ ሰሜን መንገዱ ከደጋው ወደ ጉባን ይወርዳል፤ መጨረሻው በርበራ ነው። ከሀርጌሳ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሐምሌ በርበራ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ የቻለ ሁሉ ወደ ሼክና ወደ ሀርጌሳ ይሸሻል። በጅላል ነገሩ ይገለበጣል፤ ደጋው ሲበርደው ሰው ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በባተላሌ ዳርቻ ልጆች ከነልብሳቸው ይዋኛሉ፤ ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ ሩዝና ዓሣ ይበላል። ይህ ልማድ ዛሬ የመጣ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በበርበራ የሚቆመው ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን የታወቀ ነበር፤ ከሐረርና ከኦጋዴን ቡና፣ ሙጫ፣ የዝሆን ጥርስና ከብት የጫነ ቅፍለት ሲገባ ከተማው በሰው ይጥለቀለቅ ነበር፤ ሙቀቱ ሲጀምር ገበያው ተነሥቶ ዳርቻው ባዶ ይቀር ነበር። በርተንና ጓዶቹ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1855 በሌሊት የተወጉት ልክ ገበያው ተበትኖ ሰው ከሄደ በኋላ ነው፤ እርሱ ጉንጩን በጦር ተወግቶ ነው ያመለጠው።

  

ከበርበራ ሼክ ለመድረስ ጎሊስ ተራራን መውጣት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ባሕሩ ከኋላ ይቀራል፤ አየሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአልባሳት ጋር ይለወጣል። ከሜዳው ላይ ሚዳቋ ማየት የተለመደ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ከበርተን ጓድ ከስፔክ ስሙን ያገኘው ዝርያ ነው፤ አፍንጫው ላይ የተጨማደደ ቆዳ አለው፤ ሲደነግጥ በአየር ነፍቶ ጠንካራ ድምፅ ያወጣበታል። የሼክ ከተማ 1,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች እንግሊዞች በሙቀቱ ወራት ከበርበራ የሚሸሹባት ነበረች፤ ዋና ከተማቸውንም እ.ኤ.አ. በ1941 ከበርበራ ወደ ሀርጌሳ አዛወሩ።

የእግር ጉዞ ያሰበ ሰው የሚያልመው ግን ጋን ሊባሕና ዳሎን ነው። ጋን ሊባሕ በሀርጌሳና በቡርኦ መካከል፣ ገደሉን ይዞ የሚወጣ ተራራ ነው፤ ከላይ የእኛው ጽድ ይበቅላል፤ እንግሊዞች ደን ብለው ከልለውት ነበር። ዛሬ የከሰልና የግጦሽ ጫና ያጎሳቆለው መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ዳሎ ከዚህ በጣም የራቀ ነው፤ ከሀርጌሳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከኤሪጋቦ ከተማ በስተ ሰሜን። ዳሎ ያለበት የካል መዶ ተራራ ሰንሰለት ከ2,400 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከባሕር የሚመጣው ጭጋግ ደኑን ያርሰዋል። ከላይ ጽድ፣ ወረድ ሲል ቁልቋልና እሬት፣ ከዚያም ቅርንጫፉ እንደ ጃንጥላ የተከፈተው የዘንዶ ደም የሚሉት ዛፍ፣ ከገደሉ ግርጌ ደግሞ ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ የዕጣን ዛፍ። ከመተማና ከትግራይ ቆላ ለቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ዕጣን የዚህ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የዳሎውን ግን ዓረቦች እንደ ማስቲካ ያኝኩታል። በጅላል ሌሊቱ እዚያ ውርጭ ሊሆን ስለሚችል ብርድ ልብስ መያዝ ግድ ነው። የምሥራቁ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ግጭት ያየ ስለሆነ ወደዚያ የሚያስብ ሰው የሰሞኑን ሁኔታ ሳያጣራ እንዳይነሳ።

ለጉዞው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከሀርጌሳ ውጭ የሚወጣ የውጭ ዜጋ አብዛኛውን ጊዜ አጃቢ ፖሊስ ይዞ እንዲሄድ ይጠየቃል፤ ያለ አጃቢ ኬላው ላይ ይመለሳል። ዶላር በጥቃቅኑ መያዝ ይሻላል፤ የአገሩ ሰው ሻይ እንኳ የሚከፍለው በስልክ ነው፤ ዛድ የሚባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። መጠጥ የተከለከለ ነው፤ ቀልድ የለውም። ሴቶች ሻሽ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ ይልበሱ። ሰውን፣ በተለይ ሴትን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ጠብ ያስነሳል፤ ኬላና ወታደር ደግሞ ጨርሶ አይነሳም። ዓርብ መሥሪያ ቤት ዝግ ስለሆነ ፈቃድ ያልያዘ ሰው ሐሙስ ሊጨርስ ይገባል።

በመንገድ ላይ ቢርካ ቢያገኙ እጅ አይታጠቡበት፣ ጀሪካን አይሙሉበት፤ ባለቤት አለው፤ በጅላል ውስጥ ያለችው ያችው ውኃ ለመቶ ፍየል የተቆጠረች ናት። የራስዎን ውኃ ከከተማ ይጫኑ፤ እረኛ ካገኙ ደግሞ ያካፍሉት። መንገድ ዳር የግልገል አቦሸማኔ አለ የሚል ሰው ቢቀርብዎት፣ ለማዳን ብለው እንኳ አይግዙት፤ እርስዎ የከፈሉት ገንዘብ የሚቀጥለውን ያስይዛል፤ ለፖሊስ ይንገሩ። የላስ ጌል ፈቃድ የሚወጣው ሀርጌሳ ካለው የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ነው፤ በሩ ላይ አይሸጥም።